ነጋዴና የሚያሠራው ሕንፃ

ጨርቅ የሚገዛ ነጋዴ ዕቃውን አገላብጦ ሳያይ ገንዘቡን አይቈጥርም። ሱቅ ወይም ባለፎቅ ሕንፃ በሚያሠራበት ጊዜ ግን ይህን መልካም ልማዱን የሚተው ብዙ ነው፤ ጎረቤቱ የሕንፃውን ፊት መስተዋት ስላለበሰ እርሱም ያለብሳል። ስለዚህ የሕንፃን ስልትና የግንባታን ዕቃ ማወቅ ለመሐንዲስ ብቻ ሳይሆን ለነጋዴም የሒሳብ ጉዳይ መሆኑን ለማሳሰብ እንወዳለን።

አገራችን በዚህ ረገድ ባዶ እጅዋን አይደለችም። የአክሱም ግንበኞች ድንጋይንና እንጨትን በየረድፉ እያፈራረቁ ይገነቡ ነበር፤ ከግድግዳው ወጣ ብለው የሚታዩት የእንጨት ጫፎች «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ። ይህ ስልት በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም ይታያል። በ17ኛው ምእት ዓመት ዐፄ ፋሲለደስ በጎንደር ያሠሩት ግንብ ካገር ድንጋይና ከኖራ የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላም የሕንድና የአርመን ግንበኞች የድንጋይ ግንብን ከእንጨት ሰገነት ጋር አጣምረው ሠርተዋል።

ወደ ኋለኛው ዘመን ስንመጣ፣ ኢጣሊያዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፉት የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሥርቶበታል። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም የእርሳቸው ሥራ ነው። የንግድ ባንክን ክብ አዳራሽ ፈረንሳዊው አንሪ ሾሜት፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃ ደግሞ ኢትዮጵያዊው ሚካኤል ቴድሮስ ከእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ጋር ሆነው ነድፈዋል። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስተዋት 150 ካሬ ሜትር ስፋት አለው፤ የተተከለው ግን ሊታይ በሚገባው ቦታ እንጂ በግድግዳው ሁሉ ላይ አይደለም። አዳራሹ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ታድሶ እንደ ገና መከፈቱ፣ በሚገባ የተሠራ ሕንፃ ከስድሳ ዓመት በኋላም ወጪ ሊወጣበት የሚገባ ሀብት መሆኑን ያስረዳል።

በአገራችን የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ የምሥራቁንና የምዕራቡን ግድግዳ በቀጥታ ትመታለች። በዚያ በኩል መስተዋት ብቻ የተደረገበት ሱቅ ይግላል፤ ባለቤቱም የማቀዝቀዣ መኪና ለመግዛትና የመብራት ሒሳብ ለመክፈል ይገደዳል። አንድ መስተዋት ቢሰበር ምትኩ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የምንዛሪው ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ይህ ወጪ ምን ያህል እንደ ከበደ ነጋዴው ራሱ ያውቀዋል።

ይህን ስንል አስመጪው ሥራውን ይተው ማለታችን አይደለም። አሳንሰር፣ የውሃ መሳቢያ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ የድንጋይ መቍረጫ መጋዝ ያስፈልጉናል። ባገር ድንጋይ በቀላሉ ለሚተካ የግድግዳ ልባስ ግን ምንዛሪ ማፍሰስ ብልህነት አይደለም። ላኪውም ቢሆን የቤኒሻንጉልን እብነ በረድ ቈርጦና አለስልሶ ቢሸጥ በጥሬው ከሚሸጠው የበለጠ ያተርፋል።

ስለዚህ ሕንፃ ለማሠራት ያሰበ ነጋዴ ውል ከመፈረሙ በፊት መሐንዲሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ፀሐይ በየት በኩል ትገባለች? ዕቃው ከየት ይመጣል? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ በጥድፊያ ከመገንባት ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።