ከባላገር ለመጣ ዘመድ አዲስ አበባን ስለ ማሳየት

አዝመራ ተሰብስቦ ጥር ሲገባ በከተማ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ከባላገር ዘመድ ይመጣበታል። የመጣውም ዘመድ ጉዳዩን ከፈጸመ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይተርፈዋልና፥ የቤቱ ጌታና እመቤት «የት እንውሰደው? ምንስ እናብላው?» እያሉ በማታ ይመካከራሉ። እኔም ስለዚሁ ነገር በራሴ ቤት ከደረሰው ተነሥቼ ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

በ2017 ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በኋላ የአባቴ ታናሽ ወንድም ከመንዝ መጡ። እኛ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሰባ አምስት ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ ናቸው። ላምበረት መናኸሪያ ሄጄ ብቀበላቸው፥ የመንዝ ባናቸውን ተከናንበው፥ ቆሎ የተቋጠረበትን ጨርቅ በብብታቸው ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። እኒህ ሰው «አዲስ አበባን አንድ ጊዜ አሳየኝ» ብለው ሦስት ዓመት ሙሉ ሲልኩብኝ፥ እኔ ደግሞ ችሎት በዛ፥ መዝገብ ተከመረ እያልሁ ከዛሬ ነገ ሳቆያቸው የኖርሁ ነኝ። ስለዚህ ያንን ሁሉ መዘግየት በሦስት ቀን ለመካስ አሰብሁና፥ የሚታየውን ሁሉ በወረቀት ጽፌ፥ ማንንም ሳልጠይቅ በተራ አዘጋጀሁት።

በመጀመሪያው ቀን አዲሱን ነገር ላሳያቸው ብዬ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ወደ ተከፈተው አንድነት ፓርክ ወሰድኋቸው። ይኸውም በዳግማዊ ምኒልክ ግቢ ውስጥ ያለ ነውና፥ ነገሥታቱ የኖሩበትንና ግብር ያበሉበትን አዳራሽ ሰው ሁሉ እየገባ ያየዋል። ጋሼ ግብር ቤቱን በልዩ ሁኔታ ወደዱት፤ «ይህ ሁሉ ሰው ሲበላ እንጀራውን ማን ይጋግረው ነበር?» ብለው ጠየቁ። መልሱን ስለማላውቅ ዝም አልሁ። ከዚያ ወደ ፒያሳ ወጥተን በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ አየን። ከመታሰቢያው ስንወጣ ጋሼ በበሩ ላይ ቆም ብለው ግራና ቀኙን አዩና «ዶሮ ማነቂያ በየት በኩል ነው?» አሉኝ። የምሳ ሰዓት አልፎብን ነበርና «ኋላ እነግርዎታለሁ» ብዬ እጃቸውን ይዤ ሄድሁ።

ምሳችን ክትፎ ነበር። ክትፎ የጉራጌ ምግብ ሆኖ ሳለ ዛሬ ለአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የክብር ምግብ መሆኑን ታውቃላችሁ። ነገር ግን ለሽማግሌ እንግዳ ጥሬውን ወይም ለብ ለብ ያለውን ሳይጠይቁ ማዘዝ አይገባም፤ እኛም በደንብ የበሰለውን፥ አይብና ጐመን ያለበትን አዘዝን። ጋሼን ያስደነቃቸው ሥጋው ሳይሆን ቆጮው ነው። «ይህ ከምን እህል የተጋገረ ነው?» አሉ፤ ከእንሰት ነው ብንላቸው፥ «እንግዲያ የከተማ ሰው እህል ቢያጣ ተክሉን ይበላል» ብለው ሳቁና አንዱን ቁራሽ ጨረሱት። ከምሳ በኋላ ብዙ ሰው ቆሞ ወደሚጠጣበት ቡና ቤት አገባኋቸው። ይህ ስሕተት ነበረ። ቡናው መልካም ቢሆንም «ቡና ቆሞ የሚጠጣ መንገደኛ ነው፤ እኔ ግን ዘመድ ቤት ነው የመጣሁት» አሉኝ። ከቤት ስንገባ ባለቤቴ ሣር ጐዝጉዛ፥ ከአቦል እስከ በረካ ብታጠጣቸው ፊታቸው በራ።

እዚህ ላይ ለቤት እመቤቶች አንድ ነገር ላሳስብ። አረጋዊ እንግዳን በቀን ከሁለት ቦታ በላይ መውሰድ ማድከም ነው። የሚበላበትንም ቤት ዋጋውን አስቀድሞ ጠይቆ መግባት ይሻላል፤ ሒሳቡ ሲመጣ የባለቤቱ ፊት ከተለወጠ እንግዳው የበላው አይስማማውም። ዘፈን ከሚጮህበት ቤትም መራቅ ነው፤ ሽማግሌ ሰው ሲበላ መጫወት ይወዳልና።

ሁለተኛው ቀን ረቡዕ ስለ ሆነ ጾም ነበረ። ማልደን ስድስት ኪሎ ሄድን። በዚያ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለትምህርት የሰጡት ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም በውስጡ ይገኛል፤ የንጉሡ መኝታ ቤት ሳይቀር ይታያል። ከቤቱ ውጭ ብቻውን የቆመ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን ዘመን ለመቍጠር አንዱን ደረጃ ለአንድ ዓመት እያደረጉ የሠሩት ነው። ከድል በኋላ ግን በጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። ጋሼ ይህነን በነገርኋቸው ጊዜ «ደረጃውንስ ማፍረስ ነበር» ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፥ ዱላቸውን ተመርኩዘው ደረጃውን አንድ ሁለት እያሉ ከቈጠሩ በኋላ «መልካም አደረጉ፤ አንበሳ መቀመጫ ያስፈልገዋል» አሉ። በአደባባዩም ላይ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት፥ በ1929 ዓ.ም. ስላለቀው ሕዝብ የቆመውን፥ ቆባቸውን አውልቀው ዞሩት።

ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ ወርደን በብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን አየን። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘች፥ ዘመኗም 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚባልላት ናት፤ በመስተዋቱ ውስጥ ለሰው የሚታየው ግን በአጥንቷ አምሳል የተሠራው ነው። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ጥቂት ብቻ የሚበልጥ መሆኑን ሲሰሙ ጋሼ «በዚህ ቁመቷ ውሃ ማን ቀዳላት?» ብለው አዘኑላት። ምሳ የጾም በያይነቱ በላን፤ ሽሮው፥ ምስሩ፥ ጐመኑ፥ ቲማቲሙ በአንድ እንጀራ ላይ ተደርድሮ ሲመጣ «ይህማ የሠርግ ነው» አሉ። ለእንደርሳቸው ያለ እንግዳ ከተማይቱ ከምታቀርበው ምግብ ሁሉ ከዚህ የሚስማማ ያለ አይመስለኝም።

በዚያች ማታ እኔ ተኝቼ ሳለ ጋሼ ለባለቤቴ እንዲህ አሏት፤ «ልጄ፥ ሁሉን አየሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። የወንድሜን ቤት ግን ገና አላሳየኝም።»

ነገሩ ይህ ነው። በ1966 ዓ.ም. ጋሼ አዲስ አበባ መጥተው ከአባቴ ጋር አምስት ወር ያህል በዶሮ ማነቂያ በአንዲት ክፍል ኖረዋል። አባቴ ቀን ሸክም እየተሸከመ ማታ ይማር ነበር። እኔ ስወለድ አባቴ ከዚያ ሰፈር ወጥቶ ነበርና ቤቱን በስም ብቻ አውቀዋለሁ። ጋሼ ሦስት ዓመት ሙሉ አሳየኝ ሲሉኝ የነበረው አንድነት ፓርክንም ድንቅነሽንም ሳይሆን ያችን ክፍል ኖሯል። ዶሮ ማነቂያም በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ እንደ አዲስ ሲሠራ ፈርሷል። መጀመሪያ በላኩብኝ ጊዜ ባመጣቸው ኖሮ ደጃፉን በእጃቸው ይዳስሱት ነበር።

ሐሙስ ጧት ወረቀቴን ትቼ «ጋሼ፥ እርስዎ ይምሩኝ» አልኋቸው። ከአራዳ ጊዮርጊስ እንጀምር አሉ። ይህ ቤተ ክርስቲያን የዓድዋን ድል ለማሰብ በስምንት ማዕዘን የታነጸ፥ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ነው። ጋሼ ተሳልመው ሲወጡ ፊት ለፊት ያለውን የምኒልክን ሐውልት አዩ። ጣሊያን ነቅሎት ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው መመለሱን ልነግራቸው ስጀምር «ወንድሜ ነግሮኛል፤ እዚህ ቆሞ ነው የነገረኝ» አሉኝና ጀርባቸውን ለሐውልቱ ሰጥተው መሄድ ጀመሩ።

ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ። ቤቶቹ የሉም፤ ቀጭኑ መንገድ ሰፍቷል፤ መብራት ቆሞበታል፤ መቀመጫ ተሠርቶበታል፤ ልጆችም በብስክሌት ይመላለሱበታል። እውነቱን ለመናገር ቦታው ዛሬ ያማረ ነው። ጋሼ ግን ዱላቸውን ወደ መሬት አድርገው «ቁልቁለቱ አለ፤ ቁልቁለቱን ማንም አልወሰደውም» አሉና በእግራቸው እየመዘኑ ወረዱ። አንድ ስፍራ ሲደርሱ «እዚህ ነው፤ የደወሉ ድምፅ ከዚህ ነው የሚሰማን» ብለው ተቀመጡ።

በዚያም መቀመጫ ላይ የሰማሁትን ከአባቴ አፍ ሰምቼው አላውቅም። እናታቸው መሞታቸው በተነገረ ጊዜ ለጋሼ የመኪና ዋጋ ጠፋ፤ አባቴ ማታ ያለ ካፖርቱ ገብቶ «ሌባ ወሰደብኝ፤ ገንዘቡን ግን ከአሠሪዬ ተበደርሁልህ» አላቸው። ጋሼ ካፖርቱን የገዛውን ሰው በማግሥቱ ለብሶት በመንገድ አዩት። ለአባቴ ግን ማየታቸውን ሳይነግሩት፥ እርሱም ሳይነግራቸው፥ በ2003 ዓ.ም. ቀበርነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ በክረምት ካፖርት አይለብስም ነበር፤ እኛ ልጆቹ ሙቀት የሚበዛበት ሰው ይመስለን ነበር።

ከቋጠሯቸው ቆሎ አውጥተው ሁለታችንም በላን። ምሳ የሚባል ነገር ያን ቀን አልፈለጉም። ከሰዓት በኋላ ልጆቼን ከትምህርት ቤት አምጥቼ ያንኑ ስፍራ አሳዩልኝ አልኋቸው፤ ታናሹ ልጄ «አልጋው በየት በኩል ነበር?» ቢላቸው አልጋ አልነበረም፥ ቁርበት ነው ብለው በዱላቸው መሬቱ ላይ አሠመሩለት።

በመጪው ጥር ደግሞ የባለቤቴ አክስት ከደብረ ማርቆስ ሊመጡ ነው። እኔ ወረቀት አላዘጋጀሁም። በስልክ «እመት፥ ምን ማየት ይወዳሉ?» ብንላቸው ጥቂት ዝም ብለው «ጃን ሜዳን፥ ታቦት ሲያድርበት» አሉ። ስለዚህ ጥር 9 ቀን እንዲደርሱ የመኪናቸውን ዋጋ ከወዲሁ ልከንላቸዋል።