ጆሮውን ያላለፈ ቀንድ

ባለፈው ወር «አሜሪካ ወንድሜ ጋ ልሄድ ነው፣ ስመለስ አጫውታችኋለሁ» ብዬ ተሰናብቻችሁ ነበር። ስለ ገበያ አዳራሾችና ስለ ቅናሽ ዋጋ እንደምጽፍ ጠብቃችሁ ይሆናል፤ ማርኬቲንግ የምትሠራ ሴት ሌላ ምን ይታያታል! እኔም እንደዚያው ነበር ያሰብኩት። ከሦስት ሳምንት ቆይታዬ ከልቤ ያልወጣው ግን አንድ የጣውላ ጎጆ ውስጥ፣ በወንድሜና በልጁ መካከል ተጨናንቄ ትንፋሼን ውጬ የተቀመጥኩበት ማለዳ ነው።

ወንድሜ ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ መኖር ከጀመረ 16 ዓመቱ ነው። ባለቤቱ ነርስ ስለሆነች ቅዳሜና እሑድ ብዙ ጊዜ ተረኛ ናት፤ ልጁን ይዞ የሚውለው እሱ ነው። ልጁ 13 ዓመቱ ነው። አባት በአማርኛ ይቆጣል፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ይህን ቤት ታውቁታላችሁ። እግር ኳስ አላገናኛቸውም፣ ፊልምም አላገናኛቸውም። ከሁለት ዓመት በፊት ግን የወንድሜ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ የነበሩ ጡረተኛ አዛውንት ሁለቱንም ወደ መሬታቸው ወስደው አጋዘን አደን አሳዩአቸው። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ያለ ጭቅጭቅ የሚያወሩት ስለዚህ ብቻ ነው አለችኝ የወንድሜ ሚስት። ቴክሳስ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው መሬት የግል ስለሆነ፣ መሬት ያለው ወዳጅ ማግኘት ወይም በየዓመቱ ከፍሎ መከራየት ግድ ነው። የእነሱ ዕድል ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ልጁ ጠመንጃ ይይዛል» ሲሉኝ ደነገጥኩ። እኛ ቤት የ13 ዓመት ልጅ ክብሪት ሲይዝ እንኳ «ተው!» ይባላል። ወንድሜ እየሳቀ የትምህርት ማስረጃቸውን አሳየኝ። እዚያ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2 ቀን 1971 ወዲህ የተወለደ አዳኝ ሁሉ የአደን ትምህርት መውሰድ አለበት። አባትና ልጅ አብረው ተምረው፣ ልጁ በፈተናው አባቱን በልጦታል። ይህን የነገረኝ ልጁ ነው፤ አባቱ አልጠቀሰውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እዚያ ያለው አጋዘን የኛ አገሩ ዓይነት አይደለም። የድሮዋን 10 ሳንቲም የምታስታውሱ፣ ላይዋ ላይ ያለው የደጋ አጋዘን ቀንዱን ዕድሜ ልኩን አይጥልም። የእነሱ ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን ግን ቀንዱን በየዓመቱ ክረምታቸው ሲያልቅ ይጥልና በጸደይ አዲስ ያበቅላል። ቀንዱ የሚያምረውም ዕድሜ ሲያገኝና ጥሩ ሲበላ ነው። ችግሩ የሰው ዓይን ቀንድ ካየ አይታገሥም። ዓመት ተኩልና ሁለት ዓመት ተኩል የሆናቸው ወጣት ወንዶች ገና ሳይጎለምሱ ይታደኑ ስለነበር፣ በብዙ ቦታ ትልልቅ አውራዎች ጠፉ። (ዕድሜያቸው ሁልጊዜ «ተኩል» ያለበት ግልገሎቹ በግንቦትና በሰኔ ስለሚወለዱ፣ አደኑ ደግሞ በኅዳር ግድም ስለሆነ ነው።) ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2002 በ6 አውራጃዎች አንድ ደንብ ለሙከራ ወጣ፤ ዛሬ ከመቶ በላይ አውራጃዎች ይሠሩበታል። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ወንድ አጋዘን የሚመታው በሁለቱ ቀንዶቹ መካከል ያለው የውስጥ ስፋት 13 ኢንች፣ ማለት 33 ሳንቲሜትር ግድም፣ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ወይም ደግሞ ቢያንስ አንዱ ቀንዱ ቅርንጫፍ የሌለው ቀጥ ያለ ሲሆን።

ታዲያ ጫካ ውስጥ ሜትር ይዞ የሚለካ ማን ነው? መልሱ ጆሮው ነው። አጋዘኑ ነቅቶ ጆሮውን ሲዘረጋ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 13 ኢንች ያህል ነው። ቀንዱ ከጆሮዎቹ ጫፍ ወጣ ካለ ይመታል፤ ካላለፈ ይታለፋል። ባለ መሬቱ አዛውንት በዚህ ላይ የራሳቸውን ጨምረዋል። ቀንዱን ብቻ ሳይሆን ሰውነቱን እዩ ይላሉ። እግሩ ረዘም፣ አንገቱ ቀጠን፣ ሆዱ ሰብሰብ ያለ ከሆነ ቀንድ ያበቀለ ልጅ ነው። አንገቱ ከደረቱ ጋር ተገጣጥሞ የወፈረ፣ ሆዱ ዘርጠጥ ያለ፣ እግሩ ያጠረ የሚመስል ከሆነ ጎልማሳ ነው። ከተጠራጠራችሁ አትተኩሱ፤ የእሳቸው ሕግ ይኸው ነው።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ አባታችን ነው፣ ነፍሱን ይማረው። የፋሲካ ዋዜማ በግ ተራ ይዞን ሲሄድ መጀመሪያ ጀርባውን ይዳስሳል፣ ላቱን በእጁ ይመዝናል፣ በመጨረሻ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ነጋዴው «ጋሼ ኧረ ጠቦት ነው!» እያለ ቢምል አይሰማውም። በግ ስንገዛ ጥርሱን ቀድመን እናያለን። አጋዘን ግን ጥርሱ የሚታየው ከሞተ በኋላ ነው። ዕድሜውን በሩቁ ገምተህ፣ ወስነህ፣ ከጨረስክ በኋላ ነው መንጋጋው ልክ መሆን አለመሆንህን የሚነግርህ። በሥራዬ አንድ ማስታወቂያ ካልሠራ በሳምንቱ እቀይረዋለሁ፤ እዚህ እንደዚያ የለም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። ዓርብ ማታ ከዳላስ ወደ ምሥራቅ ነድተን አዛውንቱ ቤት አደርን። ተኩስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ስለሆነ በጨለማ ወጥተን ማድፈጫዋ ጎጆ ውስጥ ገባን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ልጁ ጠመንጃውን አስተካክሎ፣ ጣቱን ከምላጩ አርቆ፣ ፀጥ አለ። ቤት ውስጥ 10 ደቂቃ ያለ ስልክ የማይቀመጠው ልጅ ነው እንግዲህ።

ሲነጋጋ አንድ ወንድ ከዛፎቹ መሃል ወጣ። እኔ እንዲህ ያለ የሚያምር እንስሳ አይቼ አላውቅም። ቀንዱ ስምንት ጫፍ ነበረው፤ ወንድሜ በጣቶቹ ቆጥሮ አሳየኝ። ስልኩን ለቪዲዮ አዘጋጅቷል። ለሥራ ባልደረቦቹ፣ ለእማዬ፣ ለዘመድ ሁሉ የሚልከው የልጁ የመጀመሪያ ግዳይ! አጋዘኑ ቆመ፣ ወደኛ አየ፣ ጆሮውን ዘረጋ።

«በለው» አለ ወንድሜ በሹክሹክታ።

ልጁ በጠመንጃው መነጽር እያየ ዝም አለ።

«በለው እንጂ!»

«ጆሮውን አላለፈም፣ ዳዲ።»

እኔ ሳየው ያለፈም ያላለፈም ይመስለኛል። ወንድሜ በባይናኩላሩ አየና «ያልፋል» አለ። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። «አንገቱን እየው። ልጅ ነው።» ከዚያም ጠመንጃውን ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገ። አጋዘኑ ሁለት ደቂቃ ያህል ሣር ነጨ፣ ነጭ ጭራውን አንስቶ ሄደ።

ወንድሜ ያን ጊዜ አንድ ቃል ተናገረ። «ፈራህ እንዴ?» አለ።

ልጁ አማርኛ ሲናገር ይቆጥባል ብያችሁ ነበር፤ ይቺን ግን በደንብ ሰምቷታል። ፊቱ ሲቀላ አየሁት። እኛ ቤት አደን ሲባል ዘራፍ ነው፣ ፉከራ ነው፤ የጣለ ጀግና ነው፣ ያልጣለ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ወንድሜ በዚያች ሰዓት ያያት ቀንዷን አይመስለኝም፤ «ልጄ ደፋር ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን ነው ያየው። ልጁ ያየው ግን ጆሮውን ነበር።

ወደ ቤቱ ስንመለስ አዛውንቱ በረንዳ ላይ ቡና ይዘው ጠበቁን። ልጁን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፤ ጆሮው ከቀንዱ ጋር እንዴት ነበር? ልጁ መለሰ። አዛውንቱ ተነስተው እንደ ትልቅ ሰው ጨበጡት። ወንድሜ ቡናውን እያማሰለ ነበር፤ ስኳር እንደማይጨምር አውቃለሁ።

በመልሱ ጉዞ መኪናው ውስጥ ማንም አልተናገረም። እኔ ሁለት ጊዜ ወሬ ጀምሬ ሁለቴም ወደቀብኝ። ማታ ግን ውኃ ልጠጣ ስወርድ አባትና ልጅ ሶፋው ላይ የትምህርቱን ሥዕሎች ከፍተው ተቀምጠዋል። «ይሄ ስንት ዓመቱ ነው?» ይላል አባት። «ሁለት ተኩል።» «ይሄስ?» «አንተ ንገረኝ።» ወንድሜ ይሳሳታል፣ ልጁ ያርመዋል። ይቅርታ ሲጠይቀው አልሰማሁም፤ ጠይቆትም አይጠይቀውም ይሆናል። ውኃዬን ሳልጠጣ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ቅዳሜ እንደገና ሄድን። እስከ ረፋድ ድረስ ሁለት እንስቶችና አንድ ባለ ቀጥ ቀንድ ግልገል መጡ። የሚገርመው ያ ትንሹ በደንቡ መሠረት ይመታል፤ ባለፈው ሳምንት ያየነው የሚያምረው ነው የማይመታው። ልጁ ግልገሉንም አሳለፈው። ወደ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ደረቱ የወረደ፣ አንገቱ የወፈረ ወንድ ከቁጥቋጦው ወጣ። ቀንዱ ከጆሮዎቹ ጫፍ በሁለቱም በኩል ወጥቷል፤ ለእኔ እንኳ ታየኝ። ወንድሜ ስልኩን አላወጣም። «አንተ ነህ የምታውቀው» አለው፤ በአማርኛ። ልጁ ከኋላው ሰው ወይም ቤት እንደሌለ አየ፣ ጎኑን እስኪሰጠው ጠበቀ፣ ተኮሰ። አጋዘኑ 40 እርምጃ ያህል ሮጦ ወደቀ። ልጁ አልጮኸም። አጠገቡ ተንበርክኮ ጸጉሩን ሲነካ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አባቱም እጁን ከላዩ ደረበ። ከእንባዬ ጋር ስታገል ስለነበር ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ አንድም የጠራ የለም።

ስፋቱ ሲለካ 15 ኢንች ሆነ፤ ሕጉን አሟልቷል። አዛውንቱ ግን መንጋጋውን ከፍተው ጥርሱን ለረጅም ጊዜ አዩ። ልጁ «አምስት ዓመት ተኩል» ብሎ ነበር የገመተው። እሳቸው ሦስት ተኩል ነው አሉ፤ የመንጋጋ ጥርሶቹ ገና ብዙም አልተበሉም። ልጁ አንገቱን ደፋ። ይሄኔ ነው ወንድሜ የተናገረው፦ «እኔ ጥርሱን አይቼ የገዛሁት በግ ስንቴ አሮጌ ሆኖብኛል!» አዛውንቱ ሲተረጎምላቸው ከልጁ በላይ ሳቁ።

ሥጋው ከአጥንት ጸድቶ 22 ኪሎ ወጣ። ክትፎ የሚል ሐሳብ ከወንድሜ ጓደኞች መጥቶ ነበር፤ የዱር ሥጋ ጥሬ አይበላም ብዬ እኔው ከለከልኩ። ጥገኛ ተውሳክ ሊኖረው ይችላል፤ እናንተም ቢያጋጥማችሁ በደንብ አብስሉት። ጮማ ስለሌለው ቅቤ ሳይቆጥቡ ነው ጥብስ የሚሆነው። ገሚሱን ቋንጣ አደረግነው፤ የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ስለቀረው ሌላው ለገና በረዶ ቤት ገባ። የወንድሜ ሚስት ግን አልቀመሰችም። «ተባርኮ ያልታረደ፣ በጥይት የሞተ አልበላም» አለች። ወንድሜ ዋላና ሚዳቋ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ከሚበሉት ተቆጥረዋል ብሎ ተከራከረ፤ እሷም የእንስሳውን ስም ሳይሆን አገዳደሉን ነው የምጠይቀው ብላ ድስቷን ለየች። እስከመጣሁ ድረስ አልተስማሙም።

እሑድ ማታ ለእማዬ በቪዲዮ ደወልን። ልጁ ቀንዱን ከፍ አድርጎ አሳያት፤ ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ ስለ ጆሮው፣ ስለ አንገቱ፣ በመጨረሻም ስለ ጥርሱና በሁለት ዓመት ስለ መሳሳቱ ነገራት። እስከዛሬ ለአያቱ እንደዚያ ረጅም አውርቶ አያውቅም። እማዬ መነጽሯን አስተካክላ ሰማችውና ወደ ወንድሜ ዞረች።

«አንተ፣ አባትህ እንዴት እንደሚገዛ እያየህ አድገህ፣ ሳትተኩሱ በፊት ጥርሱን አታዩትም ነበር?»