ብሎኑ እንኳ የኛ አይደለም

ትዕይንቱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ባለሥልጣኑ መቀስ ይይዛል፣ የፋብሪካው ባለቤት ፈገግ ይላል፣ ከኋላቸው ኮፋኖዋ ላይ ሰንደቅ ዓላማ የተነጠፈባት አዲስ መኪና ትቆማለች። ማታ ዜና ላይ «በአገር ልጆች የተሠራች» ትባላለች። በማግስቱ ካፌ ውስጥ ሁለት ጎራ ይፈጠራል። አንዱ «መንግሥት ራሱ በቪ ኤይት፣ ፖሊስ ራሱ በጃፓን ፒካፕ እየዞረ እንዴት ነው እኛን የአገር ምርት ግዙ የሚለን?» ይላል። ሌላው ማኪያቶውን እያማሰለ «ተወኝ ባክህ፤ ኮሮላ ኮሮላ ነው» ይላል። ክርክሩ ሒሳብ እስኪከፈል ይቀጥላል።

እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። ሁለቱም የዘለሉት ጥያቄ አለ፤ ለመሆኑ የትኛዋ ናት የአገር ውስጥ?

ይህን ጥያቄ ከኛ በፊት አሜሪካኖች ተነታርከውበታል፤ ያውም በፖሊስ መኪናቸው። ክራውን ቪክቶሪያን በስም የማያውቃት በመልክ ያውቃታል። በፊልም ሌባ የምታባርረው፣ ረጅምና ሰፊ፣ ጣሪያዋ ላይ መብራት የተደረደረባት ፎርድ ናት። ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ታክሲ የነዳ አጎት ያለው ደግሞ ታሪኳን ከቅርብ ሰምቷል። ፖሊስ ሲሰለቻት በጨረታ እየተሸጠች ታክሲ ትሆን ነበርና። ሞተሯ 4.6 ሊትር ባለ 8 ሲሊንደር፣ ኃይሏ ከኋላ ጎማ፣ ሻንሲዋ እንደ ጭነት መኪና ከቦዲዋ የተለየ ነው። ብትጋጭ ተቃንታ ትመለሳለች፤ መለዋወጫዋ የትም ይገኛል፤ ማንም መካኒክ ያውቃታል። «ከዚህ በላይ አሜሪካዊ መኪና ከየት ይመጣል?» ይሉላት ነበር።

የምትሠራው ግን ካናዳ ነበር። በኦንታሪዮ ግዛት ሴንት ቶማስ አጠገብ ያለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 እስኪዘጋ ድረስ የአሜሪካ ፖሊስ ክራውን ቪክ ከዚያ ነው የወጣችው።

ይህ ገና ቀላሉ ነው። የአሜሪካ የነዳጅ ቁጠባ ሕግ እያንዳንዱ ኩባንያ የሚሸጣቸውን አውቶሞቢሎች አማካይ ፍጆታ ሲሰላ፣ የአገር ውስጦቹን ለብቻ፣ ከውጭ የገቡትን ለብቻ ያደርጋል። በጊዜው በነበረው ስሌት የአሜሪካና የካናዳ ድርሻዋ ከ75 በመቶ በታች የሆነ መኪና «ከውጭ የገባች» ተብላ ትመደብ ነበር። ክራውን ቪክ ደግሞ ነዳጅ ጠጪ ናት፤ የፎርድን የአገር ውስጥ አማካይ ታበላሽበታለች። ፎርድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ምን አደረገ? ሆን ብሎ አንዳንድ ዕቃዎቿን ከሌላ አገር እንዲመጡ አድርጎ ከ75 በመቶ በታች አወረዳት። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ሕግ አስከባሪ ምልክት የሆነችው መኪና ለሕጉ ሲባል የውጭ አገር መኪና ሆነች። ጉድ ነው! ማንም ግን መብራቷን አይቶ «ባዕድ መጣች» ብሎ መንገድ አለቀቀላትም።

እሷ ስትቀር የተተኩትም ያው ናቸው። ሼቭሮሌ ከ2011 ጀምሮ ለፖሊስ ያቀረባት ካፕሪስ ከአውስትራሊያ በመርከብ የመጣች የሆልደን ምርት ናት። ዶጅ ቻርጀር ለዓመታት ከካናዳ፣ ከብራምፕተን ነው የወጣችው። በአንጻሩ «ጃፓናዊት» የምትባለው ቶዮታ ካምሪ ከ1988 ጀምሮ በኬንታኪ ግዛት ጆርጅታውን በአሜሪካ ሠራተኞች ትሠራለች። «የአገርህን ግዛ» የሚል ተለጣፊ የለጠፈው ሰውዬ የካናዳ መኪና እየነዳ የኬንታኪዋን ካምሪ ይሳደባል ማለት ነው።

አሜሪካኖች ከዚህ ሁሉ ግራ መጋባት ሁለት የረቡ ነገሮች አውጥተዋል፤ ወሬያችንን ያመጣነውም ለነዚህ ሁለት ነገሮች ስንል ነው። አንደኛው ወረቀት ነው። በ1992 በወጣ ሕግ መሠረት እዚያ የሚሸጥ ማንኛውም አዲስ አውቶሞቢል መስኮቱ ላይ ተለጣፊ አለው። ከዕቃው ስንት በመቶ ከአሜሪካና ካናዳ እንደሆነ፣ የት እንደተገጣጠመ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ከየት አገር እንደመጡ ይጽፋል። ሕጉ እንከን አለበት፤ ካናዳንና አሜሪካን አንድ ላይ ይደምራል። ግን ቁጥር ነው፤ ገዢው አንብቦ ይወስናል። ሁለተኛው ፈተና ነው። የሚሺጋን ግዛት ፖሊስ በየዓመቱ ለፖሊስ የቀረቡ መኪኖችን ሁሉ ሰብስቦ ያስሮጣል። በስንት ሰከንድ ፍጥነት እንደምትይዝ፣ ፍሬን ስትይዝ በስንት ሜትር እንደምትቆም፣ በመወዳደሪያ መንገድ ላይ ዙሩን በስንት እንደምትጨርስ፣ ስንት ነዳጅ እንደምትበላ፣ ፖሊሱ ከነትጥቁ ወንበሯ ላይ ይመቸው እንደሆነ ይለካል። ውጤቱን ደግሞ ለማንም ያወጣል። የትኛውም ከተማ ያን ሰንጠረዥ አይቶ ይገዛል። ሰንጠረዡ ላይ ስለ አገር ፍቅር የሚል አምድ የለም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። መኪና መገጣጠም ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። አምቼ ከጣሊያኖች ጋር በ1962 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሆላንድ ካር መጣ፤ መኪኖቹን ዓባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ እያለ በወንዞቻችን ሰየማቸው። ስሙ ሆድ ያባባል። ዓባይ የተባለችው ግን የቻይናዋ ሊፋን 520 ነበረች፤ ከዓባይ ያላት ስሙን ብቻ ነው። ኩባንያው በ2005 ዓ.ም. ከስሮ ቆመ። ሜቴክ በ2002 ተቋቁሞ የቢሾፍቱ አውቶቡሶችን በመቶዎች ለአንበሳ አስረከበ፤ በ2011 አመራሮቹ በሙስና ተጠርጥረው ሲታሰሩ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አየ። ሊፋን ራሱ እዚሁ ዱከም ፋብሪካ ከፍቶ ገጣጠመ፤ ቾንግቺንግ ያለው እናት ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2020 በፍርድ ቤት በኩል ወደ ኪሣራ ማስተካከያ ገባ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ያለበት ማራቶን ሞተር ደግሞ ሀዩንዳይ እየገጣጠመ በ2012 ዓ.ም. ክረምት የኤሌክትሪኳን አዮኒክ አስመረቀ።

ከነዚህ መኪኖች በአንዷ እንኳ ላይ «ይህን ያህል በመቶዬ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሠርቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አላየንም። ስሟ የወንዝ ስም፣ ሪባኗ ባለሦስት ቀለም፣ ውስጧ ግን በሣጥን የመጣ ነው።

ይህ የስም ጨዋታ ብቻ ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። ገንዘብ አለበት፤ ያውም የሁላችን ገንዘብ። በ2014 ዓ.ም. ገንዘብ ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ መኪኖች ባወጣው ማበረታቻ ሙሉ በሙሉ ተሠርታ የምትገባዋ 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመችው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታትታ የምትመጣዋ ዜሮ የጉምሩክ ቀረጥ ተደረገላት። ሐሳቡ ገብቶናል፤ ሥራው እዚህ ይሠራ ነው። መለኪያውን ግን ልብ በሉልን። የሚጠየቀው መኪናዋ ስትገባ ምን ያህል እንደተፈታታች ነው። እዚህ ምን እንደሠራን የሚጠይቅ የለም። ቻይና ውስጥ አንድ ሰው ብሎን ይፈታል፣ ዱከም ላይ ሌላው ያንኑ ብሎን መልሶ ያጠብቃል፤ በመካከሉ ያለውን የቀረጥ ልዩነት የምንከፍለው እኔና አንተ ነን። ብሎኑ እንኳ የኛ አይደለም። ከኤሌክትሪክ መኪና ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪ ደግሞ ታሽጎ ነው የሚመጣው።

በሌላ በኩል ሪባን ያልተቆረጠለት እውነተኛ የአገር ውስጥ መኪና አለን። ቅጥቅጥ! የአይሱዙ ሻንሲና ሞተር ይመጣል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ላሜራውን ቆርጦ፣ በይዶ፣ ቀጥቅጦ፣ ጣሪያውን አቁሞ፣ ወንበሩን ደርድሮ አውቶቡስ የሚያደርገው ያገራችን ባለሙያ ነው። ስሟ ራሱ ይናገራል። በቅጥቅጥ የሄደ ሁሉ ጉልበቱ ከፊት ወንበር ጋር እንዴት እንደሚጣላ ያውቃል፤ ምቾት አለው አላልንም። ግን በመቶኛ ቢቆጠር ከስንቱ በሰንደቅ ዓላማ ከተጠቀለለ አውቶሞቢል የበለጠ የኢትዮጵያ መዶሻ ያረፈባት እሷ ናት። ባለሥልጣን ግን ከቅጥቅጥ ፊት ቆሞ ፎቶ አይነሳም።

ኮሮላስ? ከጃፓን የመጣች ናት። ነገር ግን ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የዛሬ 30 ዓመት የተሠራች ዲ ኤክስ ኩሽኔታ ብትጠይቁ ልጁ ሳያስብ ከመደርደሪያው ያወርዳል፤ «ኦሪጅናል ነው ወይስ የዱባይ?» ብቻ ነው የሚላችሁ። ፍሪሲዮኗን የመንገድ ዳር ጋራዥ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። ዋጋዋ አልወርድ ያለው ሕዝቡ ባዕድ ስለሚያመልክ አይደለም፤ ዕውቀቷ እዚህ ስላለ ነው። ኮሮላ በተወላጅነት ጃፓናዊት፣ በኑሮ አዲስ አበቤ ናት። አዲሷ «ያገር ልጅ» ግን አንድ መብራቷ ቢሰበር ከውጭ ሦስት ወር ይጠበቅላታል። ታዲያ ለባለንብረቱ የትኛዋ ናት እንግዳ?

«ሁሉም በመገጣጠም ነው የጀመረው» የሚሉን አሉ። እውነት ነው። ሀዩንዳይ እ.ኤ.አ. በ1968 የፎርድን ኮርቲና በመገጣጠም ጀመረ። በ1975 ደግሞ የራሱን ፖኒ አወጣ፤ ቅርጿን ጣሊያናዊ ነድፎላት፣ ሞተሯ የሚትሱቢሺ ሆኖ፣ ግን የራሱ ናት። መካከሉ 7 ዓመት ነው። እኛ ከአምቼ ምሥረታ ብንቆጥር ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎናል። መገጣጠም ደረጃ ከሆነ ደረጃ ይወጣበታል፤ እኛ ግን ደረጃው ላይ ምንጣፍ አንጥፈን ተቀምጠናል። ተጠያቂው ደግሞ ሠራተኛው አይደለም። በየዓመቱ «ዘንድሮ ስንት በመቶ ደረስክ?» ብሎ የሚጠይቀው ስለሌለ ባለፋብሪካው ለምን ብሎ ይደክማል?

አሁን ጊዜው አጣዳፊ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጪ የሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ ሶማሌ ተራ ለ40 ዓመት ያጠራቀመው ዕውቀት ቀስ በቀስ ዋጋ ያጣል፤ አዲሱን ዕውቀት ማን እንደሚይዘው ገና አልለየም። አዳዲስ ገጣጣሚዎች እየመጡ ነው፤ ሁሉም «የአገር ውስጥ» የሚለውን ማዕረግ ይፈልጋሉ። ከማዕረጉ ጋር የቀረጥ ቅናሽና የመንግሥት ግዢ አብሮ ይመጣልና። የመንግሥት ግዢ ሲባል ደግሞ አንዱ ትልቅ ደንበኛ ፖሊስ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው የአሜሪካኖቹ ወረቀት። «የአገር ውስጥ» ተብላ ቅናሽ የምታገኝ መኪና ሁሉ ስንት በመቶዋ እዚህ እንደተሠራ፣ ሞተሯ ወይም ባትሪዋ ከየት እንደመጣ ይጻፍባት። ቁጥሩ 6 ከሆነ 6 ይባል፤ አናፍርም። በዓመቱ 9 ሲሆን እናጨበጭባለን፤ በ5 ዓመት 6 ላይ ከቆመ ግን ቅናሹ ይነሳ።

ሁለተኛው ፈተና ነው። ፖሊስ የሚቀጥለውን ፒካፕ ወይም የኤሌክትሪክ መኪና ከመግዛቱ በፊት የቀረቡትን ሁሉ፣ የተገጣጠሙትንም ተሠርተው የገቡትንም፣ አሰልፎ ያስሮጥልን። ሚሺጋን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም አራት ፖሊስ ጭና ትውጣ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ትውረድና ድልዩ ላይ ስትደርስ ፍሬኗ ይለካ። ሰመራ ላይ በግንቦት ፀሐይ ሙሉ ቀን ትቁምና ባትሪዋ ስንት እንደቀረው ይታይ። ከዚያ ቦዲዋ ሆን ተብሎ ይጎዳና ጥገናው እዚህ በስንት ቀንና በስንት ብር እንደሚያልቅ ይመዝገብ። ሰንጠረዡ በጋዜጣ ይውጣ። ሌሊት ሌባ ገብቶብን ስንደውል የምትመጣውን መኪና የሚመርጥልን ያ ሰንጠረዥ ይሁን እንጂ ኮፋኖዋ ላይ የተነጠፈው ጨርቅ አይሁን።

ወረቀቱ የት ይለጠፍ ለሚሉን፣ የፊት መስታወቱ ላይ ከቦሎው ጎን ሰፊ ቦታ አለ።