ስለ ፖሊስ ቁጥጥርና ስለ ሕዝብ አመኔታ

መንግሥት ለሕዝብ ጸጥታ ሲል ለአንድ ሰው የማዕርግ ልብስ አልብሶ፣ የመታወቂያ ወረቀት ሰጥቶ፣ ሌላውን ሰው በመንገድ ላይ የማቆምና የመያዝ ሥልጣን በሚሰጠው ጊዜ ከራሱ ክብር ከፍሎ መስጠቱ ነው። ስለዚህ ያ ሰው በሥልጣኑ ቢበድል፣ ተበዳዩ የሚያዝነው በበደለው ሰው ብቻ ሳይሆን በላከውም ጭምር ነው። ይህን የተረዱ መንግሥታት ፖሊሶቻቸውን የሚመለከት ሌላ ዐይን ያቆማሉ። ዛሬ የምንናገረው በዚህ ነገር ብዙ ዘመን ስለ ደከመችው ስለ አገረ እንግሊዝ ነው፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰር ሮበርት ፒል የአገር ግዛት ሚኒስትር ሳሉ በ1829 ዓ.ም. የሎንዶንን ፖሊስ ባቋቋሙ ጊዜ፣ ሕዝቡ አዲሱን ሠራዊት በጥርጣሬ ተመለከተው፤ ሰላይና ወታደር መስሎት ነበርና። ስለዚህ ልብሱ ከወታደሩ ቀይ ልብስ እንዲለይ ሰማያዊ ሆነ፤ በየፖሊሱም አንገትጌ ላይ ቁጥር ተደረገ፤ የተበደለ ሰውም የበደለውን በቁጥሩ ለይቶ ለመክሰስ ቻለ። አንደኛውን ቁጥር የተቀበለው ሰው ሥራ በጀመረበት ቀን ሰክሮ በመገኘቱ መባረሩ ይነገራል። ይህ ለጀማሪ ሠራዊት መጥፎ ምልክት ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን አለቆቹ ሳያሳድሩ ማባረራቸውን እናመሰግናለን።

በ1856 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ከሎንዶን ውጭ ስላሉት አውራጃዎችና ከተሞች ሕግ አወጣ፤ በንግሥት ቪክቶሪያም ስም ሦስት ተቆጣጣሪዎች ተሾሙ። ብልሃቱ በገንዘብ ላይ ነበር። ተቆጣጣሪው ዞሮ አይቶ በቂ ነው ብሎ የመሰከረለት ፖሊስ ከደመወዙና ከልብሱ ወጪ አራተኛውን እጅ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ያገኛል፤ በቂ አይደለም የተባለው ግን አንዳች አያገኝም። በ1874 ዓ.ም. ርዳታው ወደ እኩሌታ ከፍ አለ። ገንዘብ የማይሰማውን ጆሮ ያሰማልና፣ ከተሞቹ እያጉረመረሙም ቢሆን እየቆዩ ሥርዓቱን ተቀበሉ። ሆኖም በዚያ ዘመን ተቆጣጣሪው አብዝቶ የሚመለከተው የሰውን ብዛትና የሥራን ደንብ ነበር እንጂ፣ ፖሊሱ በደጁ ሲያልፍ ባለቤቱ በልቡ ምን እንደሚል አልነበረም።

ይህ ጥያቄ ከየጊዜው ምርመራ ውስጥ ራሱን ችሎ የተጻፈው ገና በ2014 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝና በዌልስ ያሉት 43 የፖሊስ ሠራዊቶች በሦስት ነገር ይመረመራሉ፤ ይኸውም በሥራቸው ፍሬ፣ በገንዘብ አያያዛቸው፣ በሕዝብም ዘንድ ባላቸው ተቀባይነት ነው። ሦስተኛውን በአማርኛ በአንድ ቃል ለመጥራት ያስቸግራል። መፈራት አይደለም፤ ሽፍታም ይፈራል። መወደድም አይደለም፤ የሚያስረውን የሚወድ ማን ነው? የተያዘው ሰው ራሱ፣ ቢቈጣም እንኳ፣ የያዘኝ ሕግ ነው ብሎ እንዲያምን የሚያደርግ ነገር ነው።

ቁጥጥሩ በትክክል ሲሠራ የሚሆነውን ለማየት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሆነውን እንመልከት። በ2013 ዓ.ም. ተቆጣጣሪዎቹ መንገደኛን አስቁሞ ስለ መፈተሽ የተጻፉ 8,783 ወረቀቶችን ገልጠው መረመሩ። ከመቶው 27ቱ ለፍተሻው የሚበቃ ምክንያት አልተጻፈባቸውም። ተቆጣጣሪዎቹ ፖሊሱን ክፉ ነህ አላሉትም፤ የገዛ እጁን ጽሕፈት ብቻ አሳዩት። የአገር ግዛት ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይም ነገሩን ተቀብለው በ2014 ዓ.ም. አዲስ ደንብ አወጡ። በ2011 ዓ.ም. ገደማ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የነበረው ፍተሻ በ2018 ዓ.ም. ገደማ ከ300,000 በታች ወረደ። ምርመራው ብቻውን አወረደው አንልም፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪው ተናገረ፤ ሹሙም ሰማ።

ሳይሰማ የቀረውም አለ። በ2019 ዓ.ም. ያው መሥሪያ ቤት ባወጣው ጽሑፍ፣ በፖሊስ ቤት ካሉት ሹሞችና ሠራተኞች ከ35,000 የሚበልጡት ያለፈ ኑሯቸውና ጠባያቸው በጊዜው ተጣርቶ እንዳልተመሰከረላቸው ገለጠ፤ እስከ 2020 ዓ.ም. ሐምሌ ድረስም ተጣርቶ እንዲያልቅ አሳሰበ። በ2021 ዓ.ም. መጋቢት ወር አንድ በሥራ ላይ ያለ የሎንዶን ፖሊስ የ33 ዓመት ሴት በመንገድ ላይ አስቁሞ፣ የመታወቂያ ወረቀቱን አሳይቶ፣ በሕግ የያዛት አስመስሎ ወሰዳትና ገደላት። ፍርድ ቤቱ ዕድሜ ልኩን ከእስር እንዳይወጣ ፈረደበት። የከተማይቱ ፖሊስም ከዚያ በኋላ፣ ብቻውን የሆነና የማዕርግ ልብስ ያልለበሰ ፖሊስ ያስቆማት ሴት ከተጠራጠረች ወደ ሰው ቤት እንድትሮጥ ወይም አውቶቡስ እንድታስቆም መከረ። ፖሊስ ከፖሊስ ሽሹ ብሎ መምከሩን አንባቢ ይመዝነው።

በሚመጣው ዓመት ተቆጣጣሪዎቹ ወደዚያው ሠራዊት ገብተው ሲመረምሩ፣ ሥራ ለለቀቁ ሰዎች ተሰጥተው ከነበሩት የመታወቂያ ወረቀቶች ከ2,000 የሚበልጡት የት እንደ ደረሱ አይታወቅም ነበር። በዚያው በ2022 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ ከስምንት ሠራዊቶች 725 የቅጥር ማጣሪያ መዝገቦችን ገልጠው፣ በ131ዱ ላይ የተሰጠው ውሳኔ ቢያንስ አጠራጣሪ ሆኖ አገኙት።

እንግዲህ ጉድለቱ ከማየት አይደለም፤ አስቀድሞ ታይቷል፤ ተጽፏል፤ ታትሟል። ጉድለቱ ተቆጣጣሪው ከመምከር አልፎ ለማዘዝ ሥልጣን ስለሌለው ነው። ሕጉ የአካባቢው የፖሊስ ኀላፊ በ56 ቀን ውስጥ በጽሑፉ ላይ ያለውን አስተያየት እንዲያወጣ ያስገድዳል፤ አስተያየት መጻፍ ግን ሥራ መሥራት አይደለም፤ ጸሐፊ ያለው ሹም ሁሉ ሊያደርገው ይችላል። በ1856 ዓ.ም. የነበረው ልጓም ከዚህ ይልቅ ጠንካራ ነበር ብንል አናጋንንም።

ተቆጣጣሪው ያዘዘ እንደ ሆነ የፖሊስ አለቃ ኀላፊነቱ ይጠፋል የሚሉ አሉ። ነገሩ ከንቱ አይደለም፤ ሁለት አዛዥ ያለው ጭፍራ ማንንም አይሰማምና። ደግሞም አለቃው ራሱ እጁ የሚታሰርበት ጊዜ አለ፤ በ2025 ዓ.ም. የካቲት የሎንዶን ፖሊስ ጠባዩ አልተመሰከረለትም ያለውን ባልደረባ ሊያሰናብት ሲል፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዚህ መንገድ ማሰናበት በሕግ አልተፈቀደም ብሎ ፈረደ፤ መንግሥትም በዚያው ዓመት ደንቡን ለወጠ። ስለዚህ ትእዛዙ በአለቃው እጅ ይቆይ፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪው ያሳሰበውን በተቈረጠለት ቀን ያልፈጸመ አለቃ ምክንያቱን ሕዝብ በሚሰማበት ሸንጎ ቆሞ ይናገር፤ የሚመጣውም ምርመራ ካለፈው ጽሑፍ ገጽ ይጀመር። ተቆጣጣሪውም ከአለቃው ቢሮ ሳይሆን አቤቱታ አቅርቦ ያልተመለሰለትን ሰው ከመጠየቅ ይነሣ፤ ያ ሰው ብዙ ጊዜ አድራሻው በፖሊስ ጣቢያው መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።