«ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃልን?



ስለ ትምህርት ጥራት መውደቅ በየጊዜው የሚጻፈውንና የሚነገረውን ስከታተል አንድ ነገር ይገርመኛል። ጥፋቱ አንድ ቀን የመምህሩ፣ አንድ ቀን የመጽሐፉ፣ አንድ ቀን የሥርዓተ ትምህርቱ ይሆናል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እስኪተኛ ድረስ ስለሚያሳልፋቸው ሰዓቶች የሚናገር ሰው ግን ጥቂት ነው። እነዚያ ሰዓቶች ደግሞ የእኛ የወላጆች ናቸው። ቀኑን በመሥሪያ ቤት ውለን፣ ማታ በታክሲና በአውቶቡስ ሰልፍ ደክመን ለምንገባ የመንግሥት ሠራተኞች ነገሩ በብርቱ ይመለከተናልና፣ የሚከተለውን ሐሳቤን ለአንባቢዎችዎ እንዲያቀርቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የመንፈቀ ዓመቱ ካርድ በሚታደልበት ቀን ወደ ብዙዎቻችን ቤት ጎራ ቢሉ የሚሰሙት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚል። ልጁ ሦስተኛ ወጥቶ እንደ ሆነ አባት ካርዱን በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ በማግሥቱ ለባልደረቦቹ ሲያሳይ ይውላል። ሃያ ሰባተኛ ወጥቶ እንደ ሆነ ደግሞ ቁጣ ይወርዳል። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን ደስታውም ቁጣውም ተረስቶ ደብተሩን የሚከፍት ሰው አይገኝም። ለመሆኑ ደረጃ ማለት ምንድን ነው? ልጁ አጠገቡ ከተቀመጡት ልጆች ጋር ሲመዛዘን ያለውን ቦታ ይነግረናል እንጂ ማንበብ መቻሉን አይነግረንም። አምሳ ልጆች ባሉበት ክፍል አምሳውም ደካሞች ቢሆኑ ከደካሞቹ አንዱ አንደኛ መውጣቱ የማይቀር ነው።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በልዩ ልዩ ክልሎች በሚገኙ ትምህርት ቤቶች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እየተጠሩ የንባብ ችሎታቸው ተፈትኖ ነበር። የተገኘው ውጤት የሚያስደነግጥ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሢሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ አንብበው ማሰማት አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ያልገቡ አይደሉም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዩኒፎርም ለብሰው፣ ደብተር ይዘው የተመላለሱ ናቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ ሳይወድቅ እንዲያልፍ የሚደረግበት አሠራር ስለ ነበረ፣ ማንበብ ያልቻለውም ልጅ ከቻለው ጋር እኩል ወደ ላይ ይወጣ ነበር። የአሠራሩ ዓላማ መልካም ነበረ፤ መምህሩ በየዕለቱ እየመዘነ ደካማውን እንዲያግዝ ነው። ሰባና ሰማንያ ልጅ የያዘ መምህር ግን ይህን በምን ጊዜው ያደርገዋል?

በዚያው በተከታዩ ዓመት፣ በ2003 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል ገብተው ሳያቋርጡ የተማሩት ልጆች 12ኛ ክፍል የደረሱት በ2014 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዓመት ብሔራዊ ፈተና ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ሲፈተኑ ከመቶ አምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። የ2015 ዓ.ም. ውጤት 3.2፣ የ2016 ዓ.ም. 5.4፣ የ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። አገሩ ሁሉ በ12ኛው ክፍል በር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ፣ ነገሩ በ2ኛው ክፍል ወንበር ላይ እንደ ተጀመረ ያስታወሰ ሰው ያለ አልመሰለኝም። የውጤቱ መንሥኤ ይህ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የባዮሎጂን ጥያቄ አንብቦ መረዳት ያቃተው ልጅ ያቃተው ባዮሎጂው ይሁን ንባቡ ማን ለየለት?

ወላጅ ይህን ሳያውቀው የሚያልፍበትም ምክንያት አለ። ሕፃን ልጅ የማስታወስ ኃይሉ ብርቱ ነው። የአንደኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፉን የመጀመሪያ ገጾች መምህሩ ሲያነብለት ሰምቶ፣ ሥዕሉን እያየ፣ ቃል በቃል ይወጣዋል። አባትም «ልጄ አነበበ» ብሎ ደስ ይለዋል። እኔ የማውቀው አንድ የጐረቤት ልጅ ስለ ላምና ስለ ጥጃ የተጻፈውን ገጽ እንደ ውሃ ያፈሰው ነበር። አንድ እሑድ ቡና ሊጠጡ የመጡ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ሥዕሉን በመዳፋቸው ሸፍነው ከመካከል «ጥጃ» የምትለውን ቃል በጣታቸው ጠቁመው «ይህች ማን ትባላለች ልጄ?» ቢሉት ዝም አለ። ቤቱም ዝም አለ። ልጁ በዚያን ጊዜ 2ኛ ክፍልን ሊጨርስ ሦስት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር፤ በካርዱም ላይ የአማርኛ ውጤቱ 88 ተጽፎለት ነበር።

የዱሮ የኔታዎች ይህን ተንኰል ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። የፊደል ገበታው 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ተዘርዝረው 231 ናቸው። ልጅ «ሀ ሁ ሂ» እያለ በዜማ ከላይ እስከ ታች ሊወርደው ይችላል፤ ይህ ግን የዜማ ዕውቀት እንጂ የፊደል ዕውቀት አይደለም። ስለዚህ የኔታ በስንደዶ አንድ በአንድ እያስጠቆሙ ያስቈጥሩታል፤ ከዚያም በአቡጊዳ ያስጀምሩታል። በአቡጊዳ ተራው ስለሚለዋወጥ ልጁ በዜማው ተደግፎ ማምለጥ አይችልም፤ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል። ቀጥሎ ወደ ፊደለ ሐዋርያ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሻገራል። ዱላቸውን ማለቴ አይደለም፤ እርሱ እንኳን ቀረ። ዘዴያቸው ግን አንድም ሳንቲም የማያስወጣ ስለ ሆነ ዛሬም በማንኛችንም ቤት ሊሠራበት ይችላል። ልጅዎን ነገ ማታ «ሀ» ብሎ እንዲጀምር አይጠይቁት፤ ከጋዜጣው ርእስ ላይ «ሽ»ን፣ «ቁ»ን፣ «ዴ»ን እንዲፈልግልዎ ይጠይቁት። የት እንዳለ ወዲያው ያውቃሉ።

ብዙ ወላጆች ሲመልሱልኝ የሰማሁት «የልጄ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ምን ልረዳው እችላለሁ?» የሚል ነው። በከተማችን በግል ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ያለው ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። ከደመወዙ ግማሹን ለትምህርት ቤት ክፍያ ሲከፍል የሚኖር ሰው፣ ልጁ «ማሚ፣ ዳዲ» ሲለው የገዛውን ዕቃ የተረከበ ይመስለዋል። ነገር ግን ንባብ ማለት ምልክቱ ድምፅ፣ ድምፁ ቃል፣ ቃሉ ነገር መሆኑን ማወቅ ነው። ልጅ ይህን አንድ ጊዜ በሚናገረው ቋንቋ ከተረዳ ወደ ሌላው ቋንቋ ይዞት ይሻገራል። ትርጉሙን በማያውቀው ቋንቋ ከጀመረ ግን ቃሉን እንደ በቀቀን ይጠራዋል እንጂ ከነገሩ ጋር አያገናኘውም። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ የቤቱ ቋንቋ ማታ ማታ ከልጁ ጋር የሚያነብ አባት እንግሊዝኛውንም እየረዳው ነው። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም።

ስለ አስጠኚዎችም ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። አስጠኚ መቅጠር ነውር አይደለም፤ ብዙ ብርቱ ወጣቶች በዚህ ሥራ ራሳቸውን ያስተምራሉ። ነገር ግን በብዙ ቤት የሚሆነው ምንድን ነው? አስጠኚው ይመጣል፤ የቤት ሥራው እንዲያልቅ ይፈለጋል፤ ሰዓቱም አጭር ነው፤ እርሱ ይናገራል፤ ልጁ ይጽፋል። በማግሥቱ መምህሩ ትክክል ምልክት አድርጎ ይመልሳል። ደብተሩ ሙሉ፣ ልጁ ባዶ ይሆናል። ወላጅም ገንዘብ ስለ ከፈለ ኃላፊነቱን የተወጣ ይመስለዋል። ቴሌቪዥኑና ስልኩ ስለሚወስዱት ጊዜ ብዙ ተጽፏልና እርሱን እተወዋለሁ፤ ልጁን ስልክ ንኪ ያስተማረው ግን ማን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ የምለው በቀን ሩብ ሰዓት ነው። ከራት በፊት ወይም በኋላ፣ ልጁ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ አባት ወይም እናት ይስሙት፤ ሲጨርስ «ምን አልክ? እስቲ በራስህ ቃል ንገረኝ» ይበሉት። በዚህ ጊዜ አለመቈጣት ትልቁ ሥራ ነው። ቀኑን አለቃ ሲቈጣው የዋለ ሰው ማታ ልጅ ሲሳሳት መታገሡ ቀላል አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም በንባብ ላይ የተመታ ልጅ ንባብን ከምቱ ጋር አገናኝቶ ይጠላዋል። ማንበብ የማይችሉ እናት ወይም አያት ቢሆኑስ? የሚሰማ ጆሮ እንጂ የሚያርም መምህር ሁልጊዜ አያስፈልግምና፣ ልጁ ለአያቱ ያንብብላቸው፤ እርሳቸውም ተረት ይንገሩት። «እንቆቅልሽ» ተብሎ የተጠየቀና መልሱ ጠፍቶት «አገር ስጠኝ» የተባለ ልጅ ቃልን አዳምጦ መፈተሽን እየተማረ ነው። በማታ ትምህርት የምትማር የቤት ሠራተኛ ያለችበት ቤት ከሆነም ሁለቱ አብረው እንዲያነቡ ጊዜ ይሰጣቸው፤ እርስዋም ትጠቀማለች። ሒሳቡም እንዲሁ ነው። ልጁን ወደ ሱቅ ልከው መልሱን ቈጥሮ እንዲያስረክብ ቢያደርጉት መደመርና መቀነስ ለምን እንደ ተፈጠረ በደንብ ይገባዋል።

«የልጅ ነገር የእናት ነው» የሚሉ አባቶች አሉ። እናትም እንደ እርስዎ 11፡30 ላይ ከመሥሪያ ቤት ወጥታ፣ በዚያው ሰልፍ ቆማ፣ ገብታም ራት የምትሠራ ናትና ንባቡን እንኳ አባት ቢይዘው ምን ይጐዳል? ከሥራ በኋላ በቡና ቤት በረንዳ ላይ ስለ አገር ጉዳይ ስንወያይ ከምናጠፋው ሰዓት ሩቡ ይበቃል።

አሁን ደግሞ ነገሩን ሁሉ በወላጅ ላይ ጭኖ መሄድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ትምህርት ቤቶች ወላጆችን ለስብሰባ የሚጠሩበትን ጊዜ ተመልክቼዋለሁ፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ይላል ወረቀቱ። በዚያ ሰዓት የመንግሥት ሠራተኛ ፋይሉን ዘርግቶ ባለጉዳይ እያስተናገደ ነው። ስለዚህ ወይ አይሄድም፣ ወይ «ራሴን አሞኛል» ብሎ አለቃውን ይዋሻል፣ ወይም የጐረቤት ጐረምሳ ይልካል። ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ «ልጄ ምን ይጐድለዋል?» ብሎ የሚጠይቅበት ዕድል ሳያገኝ ሰኔ ይደርስና በወላጆች ቀን ሽልማት ሲሰጥ አጨብጭቦ ይመለሳል። ስብሰባው ወደ ቅዳሜ ቢዛወር፣ መምህራኑም ለዚያ ቀን ተመጣጣኝ ዕረፍት ቢያገኙ ምን ያስቸግራል? ወላጅም ከመምህሩ ፊት ሲቀመጥ ደረጃውን ትቶ «አንብቦ ይረዳል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ወሬው ሁሉ ይለወጣል።

ለመሥሪያ ቤቶች አስተዳደርም አንድ ቃል አለኝ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር፤ በብዙ ቦታም ተቋቁሞ እናቶች ተጠቅመውበታል። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ልጁ ከማቆያው ወጥቶ አንደኛ ክፍል በገባ ቀን መሥሪያ ቤቱ ጨርሶ ይረሳዋል። በእያንዳንዱ መንፈቀ ዓመት አንድ ግማሽ ቀን፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ልጅ ላለው ሠራተኛ ከመምህሩ ጋር እንዲነጋገር ቢፈቀድለት፣ ሲመለስም ከትምህርት ቤቱ ማረጋገጫ እንዲያመጣ ቢደረግ የሚቸግር አይመስለኝም። በዓመት ሁለት ግማሽ ቀን፣ ተደምሮ አንድ ቀን ነው። ሥራ ይበደላል የሚል አለቃ ቢኖር፣ በዓመቱ ውስጥ ለልቅሶና ለሠርግ የፈረመባቸውን የፈቃድ ወረቀቶች ከመሳቢያው አውጥቶ ይቍጠር።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ