አይብም ወግ አለው

በኩዌት፣ በአርዲያ መኖሪያ ቤቶች ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት የሌላውን ሀገር የማዕድ ወግ ይማራሉ። ካማምቤር የተባለው ለስላሳ የፈረንሳይ አይብ ለእንግዳ ሲቀርብ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ከማቀዝቀዣ ይወጣል፤ ከመሐል ወደ ጠርዝም ይቆረጣል። እንዲህ የሚደረገው ለስላሳው ለአንዱ፣ ቅርፊቱ ለሌላው ብቻ እንዳይደርስ ነው። እያንዳንዱ ከፊቱ ይብላ ከሚለው የገበታ አደብ ጋር መንፈሱ አንድ ነው።

ካማምቤርን እ.ኤ.አ. በ1791 የጀመረችው ማሪ ሃረል የተባለች የኖርማንዲ ሴት እንደሆነች በአፈ ታሪክ ይነገራል። «ካማምቤር ደ ኖርማንዲ» የሚለው ስም በ1983 በሕግ ተጠብቋል። ይህን ስም ለማግኘት አይቡ ካልተፈላ ወተት መሠራት፣ የረጋውም ወተት ቢያንስ አምስት ጊዜ በጭልፋ እየተጨለፈ ወደ ቅርጽ ማውጫው መጨመር አለበት።

ለሙስሊም ገዢ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ወተቱ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ ነው፤ ጥጃው በሸሪዓው ሥርዓት ያልታረደ ሲሆን ዑለማዎች በብያኔው ይለያያሉ። ስለዚህ ማሸጊያውን ማንበብና አዋቂን መጠየቅ ይገባል።

የሀገር ቤቱ አይብ ይህን ጥያቄ አያስነሳም። እርጎ ተንጦ ቅቤው ሲወጣ የቀረው አሬራ በለስላሳ እሳት ይሞቃል፤ አይቡ ሲረጋ አጓቱ ይጠለላል። የሚያረጋው የአሬራው ኮምጣጣነትና ሙቀት ብቻ ነው። አቀራረቡም የራሱ ወግ አለው፤ በእንጀራው ላይ ከወጡ አጠገብ ይቀመጣል፣ የበርበሬውን ማቃጠል ያበርዳል፣ ከክትፎና ከጎመን ጎን አይለይም።

ልዩነቱ የጣዕም ማነስ አይደለም። ኖርማንዲዎች የእናቶቻቸውን ሙያ ጽፈው ማዕረግ ሰጡት፤ የአይብ ሙያ ግን አብዛኛው ዛሬም ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በእጅና በዓይን ነው። ልጅ በስደት ሳለች እናት ካለፈች ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ስለዚህ በአርዲያ ያለች እህት በእረፍት ቀኗ ከጀምዒያ በተገዛ ለበን አይብ ብትሠራ፣ የእናቷንም አሠራር በስልክ ጠይቃ ብትመዘግብ፣ የምታቆየው ምግብ ብቻ አይደለም። የሰውን ማዕድ በክብር የምታቀርብ እጅ የራሷንም በክብር ልታቀርብ ይገባታል። ያለዚያ ቅርሱ «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖ ይቀራል።