እግሩ ውኃ ውስጥ የገባ ጋራ

ባለፈው የዕረፍት ሳምንት ከአዲስ አበባ የመጣ ጓደኛችንን ይዘን ደሴት ልናይ ከአሶሳ ወጣን። ደሴት ሲባል አንባቢ የዛንዚባርን ነጭ አሸዋ እንዳያስብ። የእኛዎቹ የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ውኃ ሲሞላ በንጋት ሐይቅ ላይ ብቅ ብቅ ያሉት ናቸው፤ ከ70 በላይ ናቸው ይባላል። ሙቀቱ ግን ከዛንዚባር ቢብስ እንጂ አያንስም።

ጓደኛችን ቀኑን ሙሉ ፎቶ ሲያነሣ ዋለ። «ገነት እኮ ነው! ሰው ያልረገጠው ምድር!» ይላል ደጋግሞ። እኛም እንግዳ ማስደሰት ደግ ነውና ራሳችንን እየነቀነቅን «እንዴታ!» እንል ነበር። በጀልባቸው የወሰዱን ጠና ያሉ የጉሙዝ ሰው ግን ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና፣ «ይሄ ደሴት አይደለም፤ ጋራ ነው። እግሩ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነው እንጂ» አሉን። ቀጥለውም በመቅዘፊያው ወደ ውኃው እያመለከቱ የእናታቸው የማሽላ እርሻ የት እንደ ነበር፣ በልጅነታቸው የት ይዋኙ እንደ ነበር፣ ሽማግሌዎች የትኛው ዛፍ ሥር ይቀመጡ እንደ ነበር ነገሩን። «ጋሼ፣ ጋራው ስም አለው?» አልናቸው። በጉሙዝኛ ሁለት ጊዜ ጠሩልን። ከመካከላችን አንዱም አስተካክሎ ሊደግመው አልቻለም። አሶሳ ስንደርስ ጭራሹን ረስተነው ነበር።

ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ የረሳነው ስም ነው።

ነገራችን እንዳይጣመም አስቀድመን እንናገር። ግድቡን አንቃወምም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል ሕፃናት ነበርን። ወላጆቻችን ከደመወዛቸው ቆርጠው፣ የጉሊት ቸርቻሪዋም ከመቀነቷ ፈትታ ቦንድ ሲገዙ እያየን አደግን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ጨፍረናል። 5,150 ሜጋ ዋት በኩራዝ ለሚያመሽ አገር ቀልድ አይደለም። የእኛ ጠብ ከገዛ ብዕራችን ጋር ነው።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይሉ ነበር አባቶች። አሁን ማደሪያ አገኘ፤ ያውም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ማደሪያ። ግሩም! ታዲያ ማደሪያውን የለቀቀለት ማን ነው? በወንዙ ዳር ማሽላ የሚዘራው፣ ዓሣ የሚያሰግረው፣ ወርቅ የሚያጥበው ሰው አይደለምን? ከመንደሩ ተነሥቶ ሌላ ቦታ የሰፈረው እርሱ ነው። ገንዘቡን የሰጠ ቦንዱን በእጁ ይዟል። መንደሩን ለሰጠው ግን ከመካከላችን አንዲት ስንኝ እንኳ የወረወረለት የለም።

እስቲ የየራሳችንን ግጥሞች እናገላብጥ። በዚህችው መጽሔታችን ስለ ዓባይ ያልገጠመ አለን? ዓባይ ሲቆጣ፣ ዓባይ ሲታረቅ፣ ዓባይ ወደ ልጆቹ ሲመለስ! በአንዱም ግጥም ውስጥ ግን ጉሙዝ የለም። በርታ የለም፤ ሺናሻ፣ ማኦ፣ ኮሞ የሉም። ቀርከሃው እንኳ የለም። ውኃው ባዶ ሜዳ ላይ የተኛ ይመስላል። ይህም ዛሬ የመጣ አመል አይደለም። የደጋው ብዕር ቤኒሻንጉልን ሲያነሣ ድሮም ዓይኑ ወርቋ ላይ ነበር፤ ሰዎቿንም የሚጠራው እዚህ በማንደግመው የስድብ ቃል ነበር። አሁን እኛ ስድቡን ትተን ዝም አልን። መሻሻል ነው ካላችሁን፣ እሺ፤ ግን እንዲህ ባለው መሻሻል የሚኩራራ ምሁር ያሳፍራል።

የጣናን ደሴቶች ተመልከቱ። ደቅ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ጣና ቂርቆስ፤ እያንዳንዱ ስም አለው፣ የሚነገርለት ታሪክ አለው። እዚያ የሄደ ሰው ሁሉ ስሙን ጠይቆ፣ ስሙን ይዞ ይመለሳል። ንጋት ላይ ግን «ያቺ ትንሿ»፣ «ያቺ ትልቋ» እያልን አለፍን። ለምን ቢሉ የጣናን ስም የጻፈ ሰው ነበረ፤ የጉባን ጋራ ስም የያዙት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ሽማግሌ ደግሞ ይሞታል።

«ልማት ባለበት ውኃ የሚበላው መንደር አይጠፋም፤ ምን ይደረግ?» የሚለን ይኖራል። ልክ ነው። በዚሁ በዓባይ፣ ግብፅ ውስጥ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ታላቁ የአስዋን ግድብ ሲሠራ የኑብያ መንደሮች ሰጥመዋል። ዓለም ተረባርቦ የአቡ ሲምበልን ቤተ መቅደስ እየቆራረጠ ወደ ከፍታ አወጣው፤ ለሰዎቹ ግን ያን ያህል የተሯሯጠ አልነበረም። ኑብያዊው መሐመድ ኸሊል ቃሲም ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። አስዋን ላይ ቀድሞ የነበረው ግድብ በ1930ዎቹ ከፍ ሲደረግ ውኃ የበላውን መንደር ኑሮ «አሽ-ሻማንዱራ» በተባለ ልብ ወለዱ ጽፎ በ1968 አሳተመ። መንደሩ ሰጠመ፤ መጽሐፉ አልሰጠመም። እኛስ?

ስለዚህ እንዲህ እንላለን። ከእንግዲህ ሐይቁን ሊያይ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ከካሜራው ጋር ደብተር ይያዝ፤ የጋራውን፣ የወንዙን፣ የሰጠመውን መንደር ስም ይጠይቅ። የጉሙዝና የበርታ ልጆች የሆናችሁ የክፍል ጓደኞቻችን በገዛ ቋንቋችሁ ጻፉ፤ ትርጉሙን አብረን እንሠራዋለን። የመጽሔታችን አዘጋጆችም ገጽ ይስጡን። ወረቀት አነሰ እንዳይሉን፣ የዓባይ ግጥሞቻችን ይቀነሱ፤ የእኛው ይቅደም።

ጓደኛችን ፎቶዎቹን ልኮልናል። ያምራሉ፤ አንዋሽም። በአንደኛው ላይ ያ ጋራ ከነዛፉ ይታያል፤ ከሥሩ «ስም የሌላት ደሴት» ብሎ ጽፎበታል። ስምስ አላት፤ እኛ ነን ያልያዝነው። በመጪው ዕረፍት ያን ሰው ፈልገን ተመልሰን እንሄዳለን፤ ይህን ጊዜ እስክሪብቶ ይዘን።